ማሚቱ፦ ከእልፍኝ እስከ ድንበር የተጓዘ የቁልምጫ ስም

«ማሞ ሌላ፣ መታወቂያው ሌላ» የሚለው አባባል በአዲስ አበባ መንደሮች ቀልድ ነው፤ በሞያሌ ግን ከቀልድነት አልፎ የዕለት ኑሮ ሆኗል። ድንበር መካከሏን በሰነጠቃት በዚህች ከተማ አንድ ሰው ጠዋት ወዲያ ማዶ፣ ከቀትር በኋላ ወዲህ ማዶ ስሙን ይጠየቃል። በቤቱ የሚጠራበት ስም አለው፤ በኢትዮጵያ በኩል በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም አለው፤ በኬንያ በኩል ደግሞ «ኪታምቡሊሾ» ላይ በላቲን ፊደል የሰፈረ ስም ይኖረዋል። ሦስቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን አጥብቆ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ብቻ ነው።

አባባሉ ማሞን ያነሣል እንጂ እኅቱን አያነሣም። የማሞ እኅት ማሚቱ ናት። በአማርኛ ተናጋሪ ቤት የተወለደች ሴት ሕፃን ገና መደበኛ ስም ሳይወጣላት ከምትጠራባቸው የቁልምጫ ስሞች አንዱ ይኸው ማሚቱ ነው። ለአንዳንዷ ስሙ እስከ ጡት መጣያ ድረስ ብቻ ይቆያል፤ ለሌላዋ የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ይወጣል፤ ለጥቂቶች ደግሞ በዓለም መድረክ የሚጠራ ስም ይሆናል። ያው ስም በሌላ አንደበት ሲነገር የቤት ሠራተኛን ማሳነሻ ሆኖ ይገኛል። አንዲት አጭር ቃል ይህን ያህል የተራራቀ ቦታ እንዴት ልትደርስ ቻለች? መልሱ ከፊሉ በሰዋስው፣ ከፊሉ በታሪክ፣ ከፊሉም በየቤቱ ጓዳ ውስጥ ነው።

ማሞ፣ ማሚት፣ ማሚቱ፣ ማሚቴ

«ማ»ና «ባ» ሕፃን ከንፈሩን ገጥሞ ሲከፍት በቀላሉ የሚወጡ ድምፆች ናቸው። ስለዚህ በብዙ የዓለም ቋንቋዎች የእናትና የአባት፣ የልጅም መጠሪያዎች ከእነርሱ ተሠርተዋል። በአማርኛ «እማማ»ና «አባባ»፣ «አቡሽ»ና «ማሙሽ»፣ «ማሞ»ና «ማሚት» ከዚሁ ወገን ናቸው። ማሞ ትንሽ ወንድ ልጅን፣ ማሚት ትንሽ ሴት ልጅን በፍቅር መጥሪያ ነው።

ማሞን ወደ ማሚት የለወጠችው «ኢት» የምትባለው ቅጥያ በአማርኛ ብዙ ሥራ አላት። ሙሽራን ሙሽሪት፣ መነኩሴን መነኩሲት፣ ጦጣን ጦጢት ታደርጋለች። በተረት ውስጥ አያ ጅቦን የምታታልለው ብልኋ እመት ጦጢት ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው። ከሁሉ ይልቅ የቅጥያዋን ጠባይ የሚያሳየው «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» የሚሉት የማዕርግ ስሞች ናቸው። ወይዘሮ ራሱ የሴት መጠሪያ ስለሆነ ሴትነትን ለማመልከት ተጨማሪ ቅጥያ አያስፈልገውም። ስለዚህ «ኢት» እዚህ ላይ የምትሠራው ሴትነትን መግለጽ ሳይሆን ማሳነስ ነው፤ ወይዘሪት ማለት ገና ያላገባች፣ በዕድሜ ታናሽ የሆነች እመቤት ናት። ሴትነት፣ ትንሽነትና ተወዳጅነት በአንዲት ቅጥያ ውስጥ አብረው ያድራሉ።

ይህ የቅጥያዋ ብቻ ሳይሆን የአማርኛ የጾታ ሥርዓት ጠባይ ነው። ተናጋሪው ስለ አንድ ቤት ሲናገር «ቤቱ» ይላል፤ ቤቱ ትንሽና ደስ የሚል ከሆነ ግን «ቤቷ» ማለት ይቀናዋል። ቢላዋውም፣ መኪናውም፣ መንደሩም ሲያንሱና ሲወደዱ በአንስታይ ጾታ ይነገራሉ። እናት ትንሽ ወንድ ልጇን ስታባብል «ነይ የኔ እናት» ብትለው የሚገረም የለም፤ ፍቅሯ መሆኑ ይታወቃል። ያንኑ «አንቺ» ግን አንድ ጎልማሳ ለሌላ ጎልማሳ ቢናገረው ጠብ ይነሣል። የቃሉ ቅርፅ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተናጋሪው፣ ተጠሪውና በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ነው። የማሚቱም ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

ማሚት ሁለት መንገድ አላት። «ኡ» ስትጨመርባት ማሚቱ ትሆናለች፤ ይህች «ልጅቱ»፣ «ላሚቱ»፣ «ሙሽሪቱ» በሚሉት ቃላት ውስጥ የምትገኘው፣ የታወቀን ነገር የምታመለክት ቅጥያ ናት። እንግዲህ ማሚቱ ማለት «ያቺ ትንሿ»፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚያውቃት፣ የትኛዋ ተብሎ የማይጠየቅላት ማለት ነው። በ«ኡ» ፈንታ «ኤ» ሲገባ ደግሞ ማሚቴ ይሆናል፤ ይህም እንደ «ቤቴ» እና «እናቴ» ሁሉ «የኔ ማሚት» ማለት ነው። ማሚቱ የቤቱ ሁሉ ናት፤ ማሚቴ የጠሪዋ ናት። ፍቅሩ ሲበዛ «ዬ» ይታከልና «ማሚትዬ»፣ «ማሚዬ» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ እናት እነዚህን አራቱን በአንድ ጠዋት ሳትቆጥራቸው ትጠቀምባቸዋለች።

ዙፋን ላይ የወጣች ቅጥያ

«ኢቱ» የሕፃናት ብቻ እንደሆነች የሚያስብ ቢኖር የኢትዮጵያን የነገሥታት ታሪክ መመልከት ይበቃዋል። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን ስማቸው ከታወቀ ገዢ ሴቶች ሦስቱ ይህችኑ ቅጥያ ይዘው እናገኛቸዋለን።

የመጀመሪያዋ የወሎዋ ወርቂቱ ናት። ስሟ ወርቂት እየተባለም ይጻፋል። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ እስር ቤት አምልጦ ወደ ሸዋ ሲያመራ በግዛቷ ተቀብላ ያሳለፈችው እርሷ ናት። በዚያን ጊዜ የገዛ ልጇ በመቅደላ የዐፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ነበረ፤ በዚያው ወቅትም ተገደለ። «ትንሿ ወርቅ» ተብላ የተጠራችው ሴት የታሪክን አቅጣጫ ከለወጡት ውሳኔዎች አንዱን ወስናለች።

ሁለተኛዋ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። «ጣይ» ፀሐይ ማለት ነው፤ ጣይቱም ያቺ ፀሐይ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነበረ። በ1875 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር ተጋቡ፤ በ1882 ዓ.ም. እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በፍል ውኃ አጠገብ ለተቆረቆረችው ከተማ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡላትም እርሳቸው ናቸው። አዲስ አበባም ራሷ ስሟን በፍቅር ያገኘች ከተማ መሆኗን ልብ ይሏል።

ሦስተኛዋ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ናቸው። ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዙፋን የያዙት ዘውዲቱ የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነው። አባታቸው ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1868 ዓ.ም. የተወለዱት ልጅ፣ «ያቺ ዘውድ» ተብለው ተጠርተው ከአርባ ዓመት በኋላ ዘውዱን በእውነት ደፉት። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኙም።

በወርቅ፣ በፀሐይና በዘውድ ላይ የተጨመረችው ቅጥያ ስሞቹን አላሳነሰቻቸውም፤ አቀረበቻቸው እንጂ። ወርቅ ዕቃ ነው፤ ወርቂቱ ግን ሰው ናት። ማሚቱም የእነዚህ የወይዛዝርት ስሞች የሥጋ ዘመድ ናት፤ ልዩነቷ ወርቅም ዘውድም ሳይጨመርላት ልጅ በመሆኗ ብቻ የተወደደች መሆኗ ነው።

ስሙ የሚጸናበት መንገድ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ካህኑ ወለተ ማርያም፣ አመተ ሚካኤል፣ አስካለ ማርያም የሚል ስም ይሰጣታል። ይህ ስም በጸሎት፣ በቁርባንና በፍታት ጊዜ የሚነሣ እንጂ በገበያና በመንገድ የሚጠራ አይደለም። የዓለም ስም የሚባለውን የሚያወጡት ወላጆች፣ አያቶች ወይም ጎረቤት ናቸው። ምንትዋብ ተብላ በታሪክ የታወቀችው የ18ኛው መቶ ዘመን የጎንደር እቴጌ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነበረ፤ ሕዝብ ይዞት የቀረው ግን «ምንኛ ውብ ናት!» ብሎ የተደነቀ ሰው ያወጣውን ስም ነው።

በልደትና በክርስትና መካከል ባሉት 80 ቀናት ሴት ሕፃን ያለ መጠሪያ አትቀመጥም። ማሚቱ ባዶውን ቦታ ትሞላለች። አያት የመረጠችው ስም ለአባት ካልጣመው፣ አባት ያወጣው ስም ለእናት ከከበዳት፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ልጅቱ ማሚቱ ናት። አንዳንድ ቤት ክርክሩ ሳያልቅ ትምህርት ቤት መግቢያ ይደርሳል፤ መዝጋቢው ሲጠይቅ ልጅቱ ራሷ የምታውቀውን ስም ትናገራለች። የቁልምጫው ስም የመዝገብ ስም የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ጋብቻም የራሱን ስም ያመጣል። በአማራ ገጠር ብዙ ቦታ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። እርሷም በበኩሏ የባሏን ወላጆችና ታላላቆች በስማቸው መጥራት ነውር ስለሆነባት «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «እታለም»፣ «ወንድምዓለም» እያለች ለእያንዳንዱ መጠሪያ ታበጃለች። ስለዚህ አንዲት አሮጊት በካህኑ ዘንድ ወለተ ማርያም፣ በተወለደችበት ቀዬ ማሚቱ፣ በተዳረችበት ቀዬ ሌላ ስም ይዛ ልትኖር ትችላለች። የትኛው ነው እውነተኛው ቢባል መልሱ «ሁሉም» ነው፤ እያንዳንዱ ስም አንድ የሰዎች ስብስብ ከእርሷ ጋር ያለውን ዝምድና ይመሰክራልና።

ሙስሊሙም ቤት ከዚህ የራቀ አይደለም። ፋጡማ ፋጤ፣ ኸዲጃ ዲጃ እየተባሉ በወሎም በሐረርም ይቆላመጣሉ። ከተሜው ዘመን ደግሞ ሚሚ፣ ቲቲ፣ ሊሊ፣ ኪኪ የሚሉ የተደጋገሙ ድምፆችን ወልዷል። መጠሪያው ቢለዋወጥም ልማዱ አንድ ነው፤ የምትወደድ ልጅ ከሙሉ ስሟ ይልቅ አጠር ባለ ስም ወደ ሰው ልብ ትቀርባለች።

ቁልምጫው ሲወርድ

ፍቅር የወለደው ስም ሁልጊዜ በፍቅር አይኖርም። ማሞ ቀድሞ ወደቀ። በተረት ውስጥ እናቱ ያለችውን ቃል በቃል እየፈጸመ ነገር የሚያበላሸው ሞኝ ልጅ «ማሞ ቂሎ» ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ በእርሱ ስም ያልተቀለደ የለም። «ማሞ ሌላ፣ መታወቂያው ሌላ» የሚለውም አባባል ከዚሁ ጎራ ነው።

የማሚት ውድቀት ግን ከተረት የመጣ አይደለም። ከገጠር ወደ ከተማ ለቤት ሥራ የሚመጡ ልጃገረዶች በብዛት ገና ልጆች ናቸው። ቀጣሪው ቤት ስማቸውን ጠይቆ ከመያዝ ይልቅ «ማሚቴ» ብሎ መጥራት ቀለለው። በከተማ ቀልድ ውስጥም ማሚቴ የቤት ሠራተኛ ሁሉ የወል መጠሪያ እስከመሆን ደረሰች። እዚህ ላይ ሰዋስውና ኑሮ ክፉኛ ተጣሉ። ማሚቴ ማለት «የኔ ትንሽ» ማለት ነው፤ ከሰው ቤት ጓዳ የምታድረው፣ ከዘመድ የራቀችው፣ ቤቱ የኔ የማይላት ልጅ «የኔ» በሚል ቃል ተጠራች። ቃሉ ዝምድና ያወራል፤ ዝምድናው ግን የለም። በፍቅር ቋንቋ የተሸፈነ ትእዛዝ ደግሞ እምቢ ለማለት ከግልጽ ትእዛዝ ይከብዳል። «እኅታችን ናት»፣ «ልጃችን ናት» በሚል ቃል ደመወዝ የተረሳበት፣ የዕረፍት ቀን የቀረበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ሕጉም ይህን ክፍተት አልዘጋውም። በኢትዮጵያ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል። ከሥራ ሰዓት እስከ ዓመት ዕረፍት ለሌላው ሠራተኛ የተደነገገው ጥበቃ ለማሚቴ አልደረሰም። ስም የሌለውን ሰው መብት መንፈግ ቀላል ነው፤ ስለዚህ የስሙ ጉዳይ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስሙን መልሰው ያነሡት

የወደቀን ስም የሚያነሣው ሰው ነው። ማሞ ወልዴ በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ የማራቶን የወርቅ ሜዳልያ ባገኘ ጊዜ ማሞ ቂሎን ያስታወሰ አልነበረም። በዚያው ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳልያ ሲወስድ ወርቁን የነጠቀው ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ መሆኑን የሞያሌ ሰው በሁለቱም ወገን ደስ እያለው ሊያነሣው ይችላል። ማሞ ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ በማራቶን ነሐስ ጨመረ፤ ያኔ ዕድሜው 40 ዓመት ነበረ።

የማሚቱን ስም ያነሣችው ደግሞ ማሚቱ ጋሼ ናት። ማሚቱ በ1962 እ.ኤ.አ. በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች በተራዘመ ምጥ ልጇን አጥታ፣ በፌስቱላ ተጎድታ ወደ አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጣች። በዚያ የነበሩት ባልና ሚስት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን አከሟት። ስትድን ወደ መንደሯ አልተመለሰችም። በመጀመሪያ አልጋ ማንጠፍና በሽተኞችን መንከባከብ ጀመረች፤ ቀጥላ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ያዘች፤ በመጨረሻም ሐኪሞቹ እጇን ይዘው ቀዶ ሕክምናውን አስተማሯት። መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት የተካነች የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች፤ በ1974 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልም ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን እስከማሠልጠን ደረሰች። በ1989 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሃምሊኖችና ለእርሷ የወርቅ ሜዳልያ ሸለመ።

የዚህች ሴት ታሪክ ከስሟ ጋር ሲነበብ የተለየ ትርጉም ያገኛል። አልጋ በማንጠፍ የጀመረችው ማሚቱ በብዙ ቤት «ማሚቴ» ተብላ የምትቀር ልጅ ነበረች። የለያት ነገር ቢኖር የሚያስተምራት ሰው ማግኘቷና እርሷም ለመማር እጇን መዘርጋቷ ነው። ስሟንም ክብር ሲመጣ በሌላ ስም አልለወጠችውም። ከእርሷ በኋላ በመጣው ትውልድ ሯጯ ማሚቱ ደስካ በ2011 እ.ኤ.አ. የፍራንክፈርትን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ አሸንፋለች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ማራቶን ሦስተኛ ወጥታለች። በኒው ዮርክ መድረክ ላይ የተጠራው ስም አንዲት እናት በአራስ ቤት ልታወጣው የምትችለው ስም ነበረ።

በሞያሌ ጎረቤቶች መካከል

ሞያሌ ስለ ስም ብዙ የምታስተምር ከተማ ናት። የ1907 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት ድንበሩን ሲወስን የአካባቢውን ሰው ስም የጠየቀ አልነበረም። እንግሊዞች በዚህ የመሠረቱትን ጣቢያ በአዲስ አበባ በነበረው ወኪላቸው ስም ፎርት ሃሪንግተን ብለው ሰየሙት። ዛሬ ይህን ስም የሚያውቀው የታሪክ አንባቢ ብቻ ነው፤ ነዋሪው ሞያሌ እንዳለ ቀረ፤ ካርታውም ነዋሪውን ተከተለ።

በዚህች ከተማ ገበያ አማርኛ ከኦሮምኛ፣ ከሶማልኛና ከስዋሂሊ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። ጫልቱና ደራርቱ የሚባሉ የኦሮሞ ሴቶች ስሞች ሲሰሙ አማርኛ ተናጋሪው ከማሚቱና ከዘውዲቱ ጋር አንድ ወገን ይመስሉታል፤ ሁሉም በ«ቱ» ይጨርሳሉና። መነሻቸው ግን የተለያየ ነው። በኦሮምኛ ተማሪ ወንድ ሲሆን «ባራታ»፣ ሴት ስትሆን «ባራቱ» ይባላል፤ «ቱ» የምታደርገውን ሴት ታመለክታለች። ስለዚህ ጫልቱ «የምትበልጠው»፣ ደራርቱ «የምታብበው» ማለት ነው። የአማርኛው ማሚቱ ልጅቱን በሌሎች ዐይን ሆኖ «ያቺ ትንሿ» ይላታል፤ የኦሮምኛው ደራርቱ ልጅቱ ወደፊት ስለምታደርገው ይናገራል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝታ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ስትሆን ስሟ በእውነት አበበ።

ቦረናው ደግሞ ልጁን በተወለደበት ጊዜ ይሰይማል። በቀን የተወለደው ጉዮ፣ በሌሊት የተወለደው ሃልካኖ፣ ማለዳ የተወለደው ቦሩ፣ ዝናብ ሲዘንብ የተወለደው ሮባ ይባላል። በሶማሌው ዘንድ «ናናይስ» የተባለው ቅጽል ስም ኃይለኛ ነው፤ ሰውየው ከአባቱ ስም ይልቅ በእርሱ ይታወቃል። ስዋሂሊ ደግሞ ማሳነሻውን ከፊት ያስቀምጣል፤ «ምቶቶ» የተባለው ልጅ ሲያንስ «ኪቶቶ»፣ በመንገድ ንግግር «ካቶቶ» ይሆናል። የስዋሂሊው «ኪ» እንደ አማርኛው «ኢት» ሁለት ፊት አለው፤ ለሕፃን ሲነገር ፍቅር፣ ለትልቅ ሰው ሲነገር ንቀት ነው። እንግዲህ ይህ የአማርኛ ብቻ ኃጢአት አይደለም። ማሳነስ የሚያውቅ ቋንቋ ሁሉ ማቀፍንም መግፋትንም በአንድ ክንድ ያደርጋቸዋል።

ከፊደል ወደ ፊደል

ማሚቱ ድንበር ስትሻገር የሚገጥማት የመጨረሻው ፈተና ወረቀት ነው። በግዕዝ ፊደል ማሚት፣ ማሚቱና ማሚቴ በመጨረሻው ፊደል ቅርፅ ወዲያው ይለያያሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ግን «ኢ» የምትባለዋ ፊደል አንድ ጊዜ ለሳድስ፣ ሌላ ጊዜ ለኃምስ ስለምትቆም ማሚትና ማሚቴ አንድ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። የስዋሂሊ አናባቢዎች ጥርት ያሉ ስለሆኑ ስዋሂሊ ተናጋሪው ጸሐፊ ማሚቱን እንደተጻፈች ያነባታል። የጎረቤቷ ስም የበለጠ ይቸገራል፤ በኦሮምኛው ቁቤ «ጨ» የሚጻፈው «ሲ» በምትባለው የላቲን ፊደል ስለሆነ ቁቤ የማያውቅ አንባቢ ጫልቱን ካልቱ ሊላት ይችላል። ጣይቱም ጥብቁን «ጠ» በላቲን ስታጣ ታይቱ ሆና ትቀራለች።

ሌላው ጣጣ የቤተ ሰብ ስም ነው። የኬንያ ቅጽ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል። ኢትዮጵያዊት ሴት ግን ስሟን ከአባቷና ከአያቷ ስም ጋር ታስከትላለች፤ ስታገባም የባሏን ስም አትወርስም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ሰብ ስም እንዲኖር ቢደነግግም ልማዱ ሕጉን አልተቀበለውም። በዚህ ምክንያት እናትና ልጅ በወረቀት ላይ አንድም የሚያገናኛቸው ስም ላይኖር ይችላል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አገር አቀፍ ሆኖ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለደች ሴት ብዙ ጊዜ የልደት ማስረጃ የላትም፤ ስሟን የምታረጋግጥላት የምታውቃት ጎረቤት ናት።

በኬንያ በኩልም የድንበር አካባቢ ነዋሪ መታወቂያ ለማውጣት ለብዙ ዘመን በተለየ የማጣራት ሂደት ማለፍ ነበረበት። ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ይህ አሠራር እንዲቀር ያወጁት በ2025 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር ነው። እንዲህ ባለ ሂደት ውስጥ የአንዲት ፊደል ልዩነት ቀልድ አይሆንም። አንደኛው ወረቀት ማሚቱ፣ ሌላው ማሚቴ የሚል ከሆነ ለእናት የአንድ ፍቅር ሁለት አጠራር ነው፤ ለመዝጋቢ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ልጅን በመጀመሪያ በሚያስመዘግቡበት ቀን የአጻጻፉን ቅርፅ ወስኖ፣ ያንኑ በየወረቀቱ መድገም ለወላጅ ትንሽ ሥራ፣ ለልጅ ትልቅ ውርስ ነው።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ስሙ ከመቃብር በላይ ከመዋሉ በፊት ግን ከሕያው ሰው ጋር መዋል አለበት። ማሚቱ የተባለች ሴት ሙሉ ስሟን፣ ከነአባቷ ስም፣ የምትጠየቅበት ቤትና ቢሮ ስሙን ወደ ተወለደበት ክብር ይመልሰዋል። በሞያሌም ወዲያ ማዶ ከአማርኛ ቤት፣ ወዲህ ማዶ ከስዋሂሊ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ አለች። በመጀመሪያው ቀን «ስምሽ ማን ነው?» የሚላት ሰው ካገኘች፣ እርሷም ማሚቱ ነኝ ካለች፣ ያን ጊዜ ቃሉ ባለቤቱን አግኝቷል።